የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ ጂኖም ንባብ ታሪክ

ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ በከብት ላይ ነቀርሳ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው። ዋና ማደሪያው ከብት ቢሆንም ፍየልንና የዱር እንስሳትን፣ ሰውንም ጭምር ያጠቃል። ወደ ሰው የሚሻገረው በአብዛኛው ባልተፈላ ወተት፣ አንዳንዴም ከታመመ ከብት ጋር በአንድ ጣራ ሥር በማደር ነው። ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም የዲኤንኤው ጠቅላላ የፊደላት ቅደም ተከተል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ የታተመው በ2003 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወሳው እንደ ላቦራቶሪ ስኬት ብቻ ነው። ክብደቱ በትክክል የሚታየው ግን ከእርሱ በፊት ከነበረው የአንድ መቶ ዓመት ክርክር ጋር አብሮ ሲነገር ነው። ስለ ሰውና ስለ ከብት ነቀርሳ ዝምድና በታላላቅ ሊቃውንት ስም የጸኑ ግምቶች አንድ በአንድ የወደቁት ባክቴሪያው ራሱ ሲመረመር ነውና።

ነቀርሳ ተላላፊ መሆኑን በሙከራ ያሳየው ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም ዣን አንትዋን ቪልሚን ነው። በ1865 ከሰውና ከከብት የተወሰደ የነቀርሳ ቁስል ወደ ጥንቸሎች ገላ አስገብቶ ጥንቸሎቹ በዚያው በሽታ ሲያዙ ተመለከተ፤ ከከብት የመጣው ከሰው ከመጣው ይልቅ በጥንቸል ላይ እንደሚከፋም አስተዋለ። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በመጋቢት 1882 ባክቴሪያውን ለይቶ በርሊን ላይ ሲያቀርብ በሰውና በከብት ላይ ያለው አንድ እንደሆነ ያምን ነበር። ይህን እምነት በጥንቃቄ የፈተነው አሜሪካዊው ቴዎባልድ ስሚዝ ነው። ስሚዝ በ1898 ባሳተመው ጥናት ከሰው አክታና ከከብት የተገኙትን ባክቴሪያዎች ጎን ለጎን አሳድጎ ሁለቱ በመልክም፣ በአስተዳደግም፣ በእንስሳ ላይ በሚያደርሱት ጉዳትም እንደሚለያዩ አሳየ። የከብቱ አጠር ያለ፣ በማሳደጊያ ላይ ደካማ፣ ለጥንቸል ግን ገዳይ ነበር።

ኮኽ ይህን ግኝት ከተቀበለ በኋላ ከሚገባው በላይ ርቆ ሄደ። በ1901 ለንደን ላይ በተካሄደው የነቀርሳ ጉባኤ ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ የከብቱ ሰውን የሚያሰጋ አይደለም፣ በወተትና በሥጋ ላይ የተለየ ጥንቃቄም አያስፈልግም ሲል ተናገረ። በዘመኑ ከእርሱ የሚበልጥ ተሰሚነት ያለው የባክቴሪያ ሊቅ አልነበረምና ንግግሩ አዳራሹን አስደነገጠ። የብሪታንያ መንግሥት በዚያው ዓመት ንጉሣዊ ኮሚሽን አቋቁሞ ጉዳዩን ለአሥር ዓመት አስመረመረ። ኮሚሽኑ በ1911 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የከብቱ ባክቴሪያ ሰውን፣ በተለይም ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን እንደሚያሳምምና እንደሚገድል አረጋገጠ። የኮኽ ስህተት ወተትን የማፍላትና ከብትን የመመርመር ግዴታ በብዙ አገሮች እንዲዘገይ ያደረገ፣ በሕፃናት ሕይወት የተከፈለበት ስህተት ነው። ባክቴሪያው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የሚለውን የራሱን ሳይንሳዊ ስም በይፋ ያገኘው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1970 ነው።

በዚሁ ዘመን የከብቱ ባክቴሪያ ለሰው ልጅ አንድ ትልቅ ጥቅም ሰጠ። አልበርት ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ካሚይ ጌራን በ1908 በፈረንሳይ ሊል ከተማ ከታመመች ላም የተገኘ ቦቪስ በበሬ ሐሞትና በግሊሰሮል በተቀቀለ ድንች ላይ ማሳደግ ጀመሩ። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ካደገው ጥቂት ቆንጥረው ወደ አዲስ ድንች ያዛውሩ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊል በጀርመን ጦር ሥር በወደቀችባቸው ዓመታት እንኳ ሥራው አልተቋረጠም። ከ13 ዓመትና ከ230 ዝውውር በኋላ ባክቴሪያው ማሳመሙን ተወ። በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሕፃን ተሰጠ፤ ዛሬ ቢሲጂ ተብሎ በየጤና ጣቢያው ለአራስ ሕፃናት የሚሰጠው ክትባት ይኸው ነው። በእነዚያ ዓመታት በባክቴሪያው ውስጥ ምን እንደተለወጠ ግን ካልሜትም ጌራንም ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበራቸውም።

ከብትን በመመርመር በሽታውን የመከላከሉ ሥራ በዋናነት የቆመው ኮኽ በ1890 ባስተዋወቀው፣ ቱበርኩሊን በተባለው ከባክቴሪያው የተዘጋጀ ፈሳሽ ላይ ነው። ምርመራው ቱበርኩሊኑን በከብቱ አንገት ቆዳ ውስጥ ወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳውን ውፍረት መለካት ነው። አሜሪካ በ1917 በዚህ ምርመራ የተያዙትን ከብቶች እያረደች የማጥፋት ዘመቻ ጀመረች፤ በአውሮፓም ብዙ አገሮች ተከተሉ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ምርመራው ከብቱ መያዙን ይናገራል እንጂ ከየት እንደተያዘ፣ ከጎረቤት መንጋ ይሁን ከገበያ ከተገዛች ጊደር ወይም ከዱር አውሬ፣ ምንም አይልም። በሽታው ብዙ በነበረበት ዘመን ይህ ጥያቄ አልጎላም። ቀንሶ ጨርሶ ግን አልጠፋ ባለባቸው አገሮች ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ እርሱ ሆነ። በእንግሊዝ ግሎስተርሸር በ1971 በከብት ነቀርሳ የሞተ ባጀር፣ ማለትም ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የዱር እንስሳ፣ ተገኘ። በሽታውን ወደ ላሞች የሚያመጣው ባጀር ነው ወይስ ላሞቹ ናቸው ባጀሩን የሚያስይዙት የሚለው ክርክር በገበሬዎችና በዱር እንስሳት ተቆርቋሪዎች መካከል ለአሠርት ዓመታት ቀጠለ።

ወደ ዲኤንኤ ከተሻገሩት ሰፊ መሣሪያዎች አንዱ በ1997 የወጣው ስፖሊጎታይፒንግ ነው። በእነዚህ ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁራጭ እየተደጋገመ የተደረደረበት ስፍራ አለ፤ በድግግሞሾቹ መካከልም እርስ በርስ የማይመሳሰሉ አጫጭር ቁራጮች ይገኛሉ። ዘዴው ከእነዚህ 43ቱ መኖር አለመኖራቸውን ይመዘግባል። ቦቪስ ከቁጥር 39 እስከ 43 ያሉት ስለሌሉት ከሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ በቀላሉ ይለያል፤ በራሱ በቦቪስ ውስጥ ያሉት ልዩ ልዩ ዓይነቶችም እያንዳንዳቸው ኤስቢ በሚል ፊደልና በቁጥር በዓለም አቀፍ መዝገብ ሰፈሩ። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለአፍሪካ ላቦራቶሪዎችም በር ከፍቷል። የሚያየው ግን ከጠቅላላው ጂኖም እጅግ ትንሽ ክፍል ብቻ በመሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶች አንድ ዓይነት ኤስቢ ሊኖራቸው ይችላል፤ ማን ማንን እንዳስያዘ ከዚያ አይታወቅም።

ሙሉ ንባብ የጀመረው በሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው። የፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩትና የእንግሊዙ ሳንገር ማዕከል በ1905 ከአንድ በሽተኛ የተገኘውን፣ በየላቦራቶሪው የታወቀውን ኤች37አርቪ የተባለ ዝርያ አንብበው 4,411,529 ፊደላት እንዳሉት በ1998 አሳወቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚሁ ተቋማት ከብሪታንያ የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪዎች ድርጅት ጋር በመሆን የቦቪስን ጂኖም አሳተሙ። የተመረጠው ዝርያ ኤኤፍ2122/97 የሚባለው፣ በ1997 በብሪታንያ ሳንባዋና የሳንባዋ ንፍፊቶች በበሽታው ከተጎዱባት ላም የተወሰደ ነው። ርዝመቱ 4,345,492 ፊደል፣ የጂኖቹ ብዛት 3,952 ሆነ። ከሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር በፊደል ደረጃ ያለው ተመሳሳይነት ከ99.95 በመቶ ይበልጣል።

በዚያን ጊዜ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚነገረው ታሪክ የሰው ልጅ ከብት ሲያላምድ፣ ከአሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ነቀርሳን ከከብት ወረሰ የሚል ነበር። ነገሩ ለአእምሮ ቀላል በመሆኑ ማንም ብዙ አልመረመረውም። ጂኖሞቹ ግን ይህን አልደገፉም። የቦቪስ ጂኖም ከሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ያጠረው የጎደሉት ቁራጮች ስላሉ ነው፤ በሌላ በኩል ለብቻው የያዘው አዲስ ጂን አልተገኘበትም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ እርስ በርስ የመለዋወጥ ልማድ ስለሌላቸው አንዴ የጠፋ ቁራጭ ተመልሶ አይገኝም። የብራና መጻሕፍት መርማሪ ሁለት ቅጂዎችን ሲያስተያይ አንዱ ጸሐፊ የዘለለው ዐረፍተ ነገር በሌላው ውስጥ ሙሉውን ካገኘው፣ ሙሉው ከጎደለው ሊገለበጥ አይችልም ብሎ እንደሚፈርድ ሁሉ፣ በ2002 በፓስተር ኢንስቲትዩት የሚመራው ቡድን የጎደሉትን ቁራጮች ቅደም ተከተል መሠረት አድርጎ የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ከቦቪስ ሊወለድ እንደማይችል ፈረደ። ሁለቱ ከአንድ ጥንታዊ ወላጅ የመጡ ናቸው፤ ከዚያ ወላጅ ይበልጥ የራቀውና ብዙ የጎደለበትም የከብቱ ነው። በ2003 የወጣው ሙሉ ንባብ ይህን አጸና።

ንባቡ ያስረዳቸው ወይም ያጸናቸው ሌሎች ነገሮችም ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በየሆስፒታሉ የሚያስፈልግ ነው። ለነቀርሳ ሕመምተኞች ከሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ፒራዚናማይድ ነው። ቦቪስ ይህን መድኃኒት ከተፈጥሮው ይቋቋማል። መድኃኒቱ የሚሠራው ባክቴሪያው ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ሲያነቃው ነው፤ በቦቪስ ዘንድ ያንን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን በአንዲት ፊደል ለውጥ ተበላሽቷል። ስለዚህ ከከብት የተያዘ ሰው ባክቴሪያው ተለይቶ ካልታወቀ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ያለ ጥቅም ይዋጣል።

ሌላው የላቦራቶሪ ሰዎች ለአንድ መቶ ዓመት ያዩትና ምክንያቱን ያላወቁት ነገር ነው። የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ግሊሰሮል ባለበት ማሳደጊያ ላይ ሲፈካ ቦቪስ እየቀጨጨ ይቀራል፤ በግሊሰሮሉ ፈንታ ፓይሩቬት ሲሰጠው ግን ያድጋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አንዱን ናሙና በሁለት ብልቃጥ፣ በግሊሰሮልና በፓይሩቬት፣ ይዘሩታል። ጂኖሙ ሲነበብ ግሊሰሮልን ወደ ኃይል በሚለውጠው መንገድ ላይ ፓይሩቬት ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ጂን በአንዲት ፊደል ተሳስቶ ተገኘ። የካልሜትና የጌራን ድንች ደግሞ በግሊሰሮል የተነከረ ነበር። ቢሲጂ ሲመረመር ያቺ ፊደል ተመልሳ ተስተካክላለች፤ ሁለቱ ሰዎች ሳያውቁት ግሊሰሮልን መብላት የቻለውን ባክቴሪያ ብቻ እየመረጡ ያዛውሩ ነበር ማለት ነው። ባክቴሪያው ማሳመሙን ያጣበት ዋና ምክንያትም ታወቀ፦ አርዲ1 የሚባል፣ ባክቴሪያው የአካልን ሕዋሳት ለመጉዳት የሚጠቀምባቸውን ፕሮቲኖች የሚያመርቱ ጂኖች ያሉበት ቁራጭ ከቢሲጂ ጠፍቷል። የቢሲጂ ሙሉ ጂኖም የታተመው በ2007 ነው።

የመጀመሪያዎቹ ንባቦች ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ፈጅተዋል። ከ2005 ወዲህ የመጡት አዳዲስ ማሽኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ አጫጭር ቁራጮችን በአንድ ጊዜ ስለሚያነቡ የአንድ ባክቴሪያ ጂኖም በጥቂት ቀናት ይጠናቀቃል። ቁራጮቹም የ2003ቱን ኤኤፍ2122/97 እንደ ዋቢ በመያዝ ይደረደራሉ። በቦቪስ ጂኖም ላይ የምትከማቸው ለውጥ በጣም ጥቂት፣ በጥቂት ዓመታት አንዲት ፊደል ገደማ ናት። ስለዚህ ከሁለት ከብቶች የተገኙ ባክቴሪያዎች በአንዲት ወይም በሁለት ፊደል ብቻ ከተለያዩ ግንኙነታቸው የቅርብ ነው፤ በብዙ አሥር ፊደላት ከተለያዩ አንዱ ሌላውን በቅርብ አላስያዘም። በሰሜን አየርላንድ በ2012 የታተመ ጥናት ይህን በላሞችና በባጀሮች ላይ ሞክሮ በአንድ አካባቢ ያሉት የሁለቱ ባክቴሪያዎች እጅግ ተቀራራቢ መሆናቸውን አገኘ። በእንግሊዝ ዉድቸስተር ፓርክ ለብዙ ዓመታት ከተሰበሰቡ ናሙናዎች በ2019 የወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ለረጅሙ ክርክር መልስ ሰጠ፤ መልሱ ማንንም ሙሉ በሙሉ ትክክል አላደረገም። በዚያ ስፍራ በሽታው በሁለቱም አቅጣጫ ይሻገራል፤ ከባጀር ወደ ላም የሚሻገረው ከላም ወደ ባጀር ከሚሻገረው ይበዛል፤ ከሁሉም የሚበዛው ግን በየራሳቸው ወገን ውስጥ፣ ባጀር ከባጀርና ላም ከላም፣ የሚተላለፈው ነው።

ናሙናዎች ከየአገሩ ሲሰበሰቡ የባክቴሪያው ትልልቅ ቤተሰቦች ተለይተው ታወቁ። አፍሪካ 1 የተባለው በማሊ፣ በናይጄሪያ፣ በካሜሩንና በቻድ፣ አፍሪካ 2 ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በቡሩንዲ ይገኛል። አውሮፓ 1 ከብሪታንያ ደሴቶች ተነሥቶ የከብት ንግድ በሄደበት ሁሉ፣ እስከ አሜሪካና ኒውዚላንድ ድረስ ተዛምቷል። በ2020 ከብዙ አገሮች የተገኙ ጂኖሞችን አንድ ላይ ያስተያየ ጥናት የቦቪስ መነሻ አፍሪካ፣ ምናልባትም ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ደመደመ። ይህም በሽታው ወደዚህ አህጉር የመጣው ከአውሮፓ ላሞች ጋር ነው የሚለውን የተለመደ አባባል ግማሹን ብቻ እውነት ያደርገዋል። እውነት የሆነውን ግማሽ የኢትዮጵያ ታሪክ ያሳያል።

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ትልቁ የከብት ሀብት ያላት አገር ናት። በ1970 የሥጋ ደዌን ለማጥናት አዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የከብት ነቀርሳን በስፋት ማጥናት ጀመረ። ሥራው የሚጀምረው ከቄራ ነው። ከብቱ ሲታረድ መርማሪው የጉሮሮውን፣ የሳንባውንና የአንጀቱን ንፍፊቶች በቢላ እየሰነጠቀ ያያል፤ ነቀርሳ ያለበት ንፍፊት አብጦ ውስጡ ቢጫና አይብ የመሰለ፣ የቆየ ከሆነም ኖራ ይዞ ቢላው ሲያልፍበት የሚንኮሻኮሽ ነው። ናሙናው ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ላቦራቶሪ ይደርሳል፤ ተፈጭቶ፣ ሌሎች ተሕዋስያን እንዲሞቱ በኬሚካል ታጥቦ፣ እንቁላል ባለበት ማሳደጊያ ላይ ይዘራል። ከዚያ እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። ባክቴሪያው ከበቀለ በሙቀት ተገድሎ ዲኤንኤው ይወጣል።

በ2009 የታተመው የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት በአምስት ቄራዎች ከ30,000 በላይ ከብቶችን መርምሮ በ4.7 በመቶው ላይ ነቀርሳ የሚመስል ቁስል አገኘ። ከእነዚህ በላቦራቶሪ ቦቪስ ሆነው የተረጋገጡት 58 ናቸው፤ አብዛኞቹም የአፍሪካ 2 ቤተሰብ ሲሆኑ ኤስቢ1176 የተባለው ዓይነት በዝቶባቸዋል። ያልተጠበቀው ስምንት ከብቶች የሰውን ነቀርሳ ባክቴሪያ ይዘው መገኘታቸው ነው። ሰው ከብቱን ሊያስይዝ እንደሚችል ተመራማሪዎች ካነሷቸው መንገዶች አንዱ በአንዳንድ አካባቢ ያለ ልማድ ነው፦ ከብት ጠባቂው የታኘከ ትንባሆ በከብቱ አፍ ውስጥ ይተፋል።

ሌላም የተጠበቀና ያልሆነ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የንፍፊት ነቀርሳ ከሌሎች አገሮች ሲነጻጸር እጅግ የበዛ ነው፤ ጥሬ ወተት የመጠጣት ልማድም ስላለ ብዙ ሐኪሞች መንስኤው ቦቪስ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥሩ ነበር። ከሳንባና ከንፍፊት ሕመምተኞች የተወሰዱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ባክቴሪያዎች ተለይተው ውጤቱ በ2013 ሲታተም ቦቪስ የሆኑት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ንፍፊቱን የሚያሳምመው በአብዛኛው ያው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። በዚሁ ጊዜ በኢትዮጵያውያን ላይ ብቻ ማለት በሚቻል ደረጃ የሚታይ፣ የዘር ሐረግ 7 የተባለ የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ቤተሰብ ተገኘ። በሰዎች ላይ የተገኘው ቦቪስ ማነሱ ጥሬ ወተትን ከአደጋ ነጻ አያደርገውም፤ የበሽታውን ዋና ምንጭ ግን በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጠዋል።

የከብቱ ችግር ከሁሉ የከፋው በከተሞች ዙሪያ ባሉ የወተት እርባታዎች ነው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በ2012 የታተመ የቆዳ ምርመራ ከላሞቹ 30 በመቶ፣ ከመንጋዎቹም ከግማሽ በላይ መያዛቸውን አሳየ። የፈረንጅ ላሞችና ዲቃሎቻቸው ሻኛ ካላቸው የሐበሻ ከብቶች ይልቅ በቀላሉ ይያዛሉ፤ በጠባብ በረት ተጨናንቀው መዋላቸውም ይጨመርበታል። እነዚህ ላሞች ወደ አገሪቱ በብዛት መግባት የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ዝርያዎችን ሲሰጥ ነው። በኋላም በየመንግሥት እርሻውና በየልማት ፕሮጀክቱ ሌሎች ተከተሉ።

በ2021 የታተመው የ134 ቦቪሶች ሙሉ ንባብ ይህን ታሪክ ከባክቴሪያው ወገን ያረጋግጣል። 128ቱ በአብዛኛው የወተት ከሆኑ 85 ከብቶች፣ ስድስቱ ከሰዎች ሲሆኑ፣ የተሰበሰቡትም ከ12 ስፍራዎች ነው። ጎልተው የወጡት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፦ የምሥራቅ አፍሪካው አፍሪካ 2 እና አውሮፓ 3። የአውሮፓ 3 ጂኖሞች ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸሩ ቤተሰቡ በ1950 እና በ1987 መካከል ሁለት ጊዜ፣ ምናልባትም ከአውሮፓ፣ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ታወቀ። ዘመኑ የወተት ላሞች ከውጭ ይገቡ ከነበሩበት ዘመን ጋር ይገጥማል። በአንድ ከብት ውስጥ የተለያዩ ባክቴሪያዎች የተገኙበት ጊዜ አለ፤ በጎረቤት እርባታዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በሩቅ ከተሞች መካከልም መተላለፍ ታይቷል። ይህን ያህል ርቀት በሽታውን የሚያሻግረው ከእርባታ ወደ እርባታ የሚሸጡ ላሞችና ጊደሮች ዝውውር ነው ማለት ለእውነት የቀረበ ነው። ናሙናው በወተት ላሞች ላይ ማተኮሩ ግን መታየት አለበት፤ ከኢትዮጵያ ከብት የሚበዛው በገጠር ገበሬና በአርብቶ አደር እጅ ያለው የሐበሻ ከብት ሲሆን፣ ከዚህኛው የተገኙት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የተለዩት በስፖሊጎታይፒንግና በመሰል ዘዴዎች ነው።